ምርመራው ፊርማን አይሽርም

«እናቴ የመርሳት በሽታ አለባት ስለተባለ ፊርማዋ አይሠራም፤ የምወስነው እኔ ልጇ ነኝ» ላልሽው፦ እህቴ፣ ሁለቱም ልክ አይደለም።

ለንደን ስለሆናችሁ የሚመለከታችሁ በፈረንጆቹ 2005 የወጣው የእንግሊዝና የዌልስ የመወሰን አቅም ሕግ (Mental Capacity Act) ነው። እሱ ደግሞ አለመቻሏ እስካልተረጋገጠ ድረስ መወሰን ትችላለች ብሎ ይነሳል። የመወሰን አቅሟ የሚታየውም ጉዳይ በጉዳይ ነው። የባንክ ሒሳቧ ቢምታታባት እንኳ «በቱቦ አትመግቡኝ፤ ወኪሌ ታናሿ ልጄ ትሁን» ማለት ትችል ይሆናል። ጠዋት ነቃ ስትል፣ ቡና እየጠጣችሁ፣ በአማርኛ ጠይቂያት። (በሆስፒታል ኮሪደር በእንግሊዝኛ ተጠይቃ ዝም ብትል ምን ይገርማል?)

ልጇ መሆን ብቻውን የመወሰን ሥልጣን አይሰጥም። የጤና ውክልና ያስፈልጋል። እሷ ትፈርማለች፣ መረዳቷን ቤተሰብ ያልሆነ ሰው ይመሰክራል፣ ከዚያ ይመዘገባል። ሥራ ላይ የሚውለው መወሰን ሲያቅታት ነው። ውክልናው ምን እንደሆነ መረዳት ካቃታት በኋላ ግን ልትሰጠው አትችልም፤ ስለዚህ ነገ ዛሬ አትበሉ።