ማስተካከያ፦ ሚሳኤሉን የመታው አይረን ዶም አልነበረም

ባለፈው ሳምንት ስለ ፀረ ሚሳኤል መሣሪያዎች ስጽፍ ሁለት ቦታ ስቻለሁ።

አንደኛ፣ ሚያዝያ 2016 ኢራን ወደ እስራኤል የተኮሰቻቸውን ባለስቲክ ሚሳኤሎች (ሽቅብ ወጥተው ከሩቅ በፍጥነት የሚወርዱትን) የእስራኤሉ ፀረ ሮኬት መሣሪያ አይረን ዶም አከሸፋቸው ብያለሁ። አይደለም። አይረን ዶም ከ4 እስከ 70 ኪሎ ሜትር ድረስ ለሚተኮሱ ሮኬቶች የተሠራ ነው። ከሐዋሳ ሻሸመኔ ደርሶ መልሱ እንኳ 70 አይሞላም! ከኢራን ለሚመጣ ባለስቲክ በዋናነት የተዘጋጀው አሮው የተባለው ሌላው የእስራኤል መሣሪያ ነው። «ከተተኮሰው 99 በመቶው ተመቷል» ያልኩትም የእስራኤል ጦር የሰጠው ቁጥር ነው። ያን ሌሊት የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የዮርዳኖስ አውሮፕላኖችም አግዘዋል።

ሁለተኛው ሒሳቡ ነው። «ጥቂት መቶ ዶላር ለሚያወጣ ሮኬት 50,000 ዶላር ገደማ የሚፈጅ የአይረን ዶም ሚሳኤል መተኮስ ኪሳራ ነው» ብዬ ነበር። አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን አንድ ወዳጄ «አንተ ደግሞ፣ ከሮኬቱ ጋር ሳይሆን ከሚወድቅበት ቤት ጋር አስላዋ!» አለኝ። እውነቱን ነው። (የዓሣውን ሒሳብም እኔው ከፈልኩ።) ደግሞም አይረን ዶም በራዳሩና በኮምፒውተሩ ሮኬቱ የት እንደሚያርፍ ቀድሞ ያሰላል። ሜዳ ላይ የሚወድቅ ከሆነ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሮኬት 50,000 ዶላር አይወጣም።

ስለ አሜሪካው ፀረ ሚሳኤል መሣሪያ ስለ ፓትሪዮት ያልኩትን ግን አልመልስም። አዲሱ የፓትሪዮት ሚሳኤል አንዱ ብቻ 4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በአሥር ሺዎች ዶላር የሚገመት ሻሂድ የተባለ የኢራን ድሮን በእሱ መምታት አሁንም አያዋጣም።