ዘይት የጠጣው መሬታችን እዚያው ይታከም

ጋራዥ ያለበት ሰፈር የኖረ ሰው ያን መሬት ያውቀዋል። ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል፤ ዝናብ ሲዘንብ ኩሬው ላይ ቀለም በቀለም ይንሳፈፋል። ዘይት ሲቀየር የተቃጠለው በጀሪካን ይሰበሰባል። ከፊሉ ይሸጣል፤ ካሳፎርማ ይቀባበታል፣ የአጥር እንጨት ምስጥ እንዳይበላው ይለቀለቅበታል። የተንጠባጠበውንና የተደፋውን ግን መሬት ይጠጣዋል። ከሶማሌ ተራ እስከ ቃሊቲ ስንት ግቢ እንደዚህ ዘይት ሲጠጣ ኖሯል።

እንዲህ ያለ ግቢ ሕንፃ ሊሠራበት ሲታሰብ አፈሩ ይቆፈራል፣ በገልባጭ ተጭኖ አንድ ቦታ ይደፋል። ይህ ማጽዳት አይደለም። ችግሩን ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ማዛወር ነው። አፈሩን እዚያው ባለበት፣ በፈንገስና በኤሌክትሪክ ማከም ይቻላል ብዬ አምናለሁ። ይህን መሞከር ያለብንም እኛ ነን። አፈራችንም፣ ገለባችንም፣ የቡና ገለፈታችንም ለዚህ የሚመች ነው።

ከፈንገሱ ልጀምር። እንጨትን ጠንካራ የሚያደርገው ሊግኒን የሚባል ነገር ነው። ሊግኒንን መበጣጠስ የሚችል ፍጡር በጣም ጥቂት ነው። እንጨትን ነጭ እያደረጉ የሚያበሰብሱ ፈንገሶች ግን ይችላሉ። በከተማችን ሱፐርማርኬቶች የሚሸጠው ኦይስተር እንጉዳይ ከነሱ አንዱ ነው። እነዚህ ፈንገሶች ኢንዛይማቸውን ወደ ውጭ ያፈሳሉ፤ ኢንዛይሙ ደግሞ ብዙም አይመርጥም። ሊግኒን ላይ ያሉትን ቀለበት መሰል ውህዶች እንደሚሰብረው ሁሉ፣ ዘይት ውስጥ ያሉትን ተመሳሳዮቻቸውንም ይሰብራል። እ.ኤ.አ. በ1985 ‹ሳይንስ› መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከነዚህ ፈንገሶች አንዱ ዲዲቲን፣ ቤንዞፓይሪንንም ሳይቀር እንደሚበጣጥስ አሳየ። ቤንዞፓይሪን ካንሰር አምጪ ነው፤ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጥም ይገኛል። ስለዚህ ነገሩ ጋራዦቻችንን በቀጥታ ይመለከታል።

ነገር ግን ፈንገስ ብቻውን አይበቃም። አየር ይፈልጋል፣ እርጥበት ይፈልጋል፣ ምግብ ይፈልጋል። ከላይኛው የአፈር ክፍል ብዙ ወደ ታች አይወርድም። በረጠበና በታመቀ ሸክላ አፈር ውስጥ ደግሞ ይታፈናል። አፈሩ ውስጥ ቀድመው የሰፈሩት ባክቴሪያዎችና ሌሎች ፈንገሶችም በቀላሉ ቦታ አይለቁለትም። ለዚህ ነው ገለባ ወይም የቡና ገለፈት ላይ አስቀድሞ በደንብ አድጎ፣ ስንቁን ይዞ ወደ አፈሩ መግባት ያለበት።

ኤሌክትሪኩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አፈር ውስጥ ሁለት ዘንግ ተክለን ቀጥተኛ ከረንት ብንለቅ፣ በአፈሩ ቀዳዳዎች ያለው ውሃ ከአዎንታዊው ወደ አሉታዊው ዘንግ መጓዝ ይጀምራል። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ሮይስ የተባለ ሳይንቲስት ሞስኮ ውስጥ ሸክላ ላይ ካየው 200 ዓመት አልፎታል። የሚገርመው፣ ዘዴው ጎልቶ የሚሠራው ሸክላ አፈር ላይ መሆኑ ነው። በፓምፕ ብትገፋው ውሃ የማያሳልፍ አፈር በከረንት ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ፣ ኬንታኪ ውስጥ ፓዱካ በተባለ ቦታ በፋብሪካ ኬሚካል የተበከለ ሸክላ የታከመው በዚህ መንገድ ነው። በዘንጎቹ መካከል የማከሚያ ንብርብሮች ተቀበሩ፤ ከረንቱ የተበከለውን ውሃ በነሱ ውስጥ እያሳለፈ ገፋው።

ታዲያ ዘይቱስ? ዘይት ራሱ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስለሌለው ከረንት እንደልብ አይነዳውም። የሚነዳው ውሃውን ነው፤ ውሃው ውስጥ የሟሟውን ናይትሬትና ፎስፌት፣ ባክቴሪያዎቹንም ጭምር። ማለትም ምግቡ ፈንገሱና ባክቴሪያው ወዳሉበት ይደርሳል። በአዎንታዊው ዘንግ አካባቢ ደግሞ ውሃ ሲሰነጠቅ ኦክስጅን ይፈጠራል። እ.ኤ.አ. በ2005 የጀርመን ሊፕዚግ ተመራማሪዎች አንድ ሌላ ነገር አሳዩ። የፈንገስ ክሮች ላይ ስስ የውሃ ሽፋን አለ፤ ባክቴሪያዎች በዚያ ላይ እየዋኙ ብቻቸውን ሊደርሱበት ወደማይችሉት ብክለት ይደርሳሉ። እኔን ያሳመነኝ ይህ ነው። ፈንገሱ ይበላል ግን አይደርስም፤ ከረንቱ ይደርሳል ግን አይበላም። አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

አሁን ወደ መሬታችን እንምጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መረሬ አለ። አዲስ አበባም ብዙ ቦታ የቆመችው በዚሁ ጥቁር ሸክላ ላይ ነው። መረሬ ክረምት ላይ ያብጣል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ጥልቅ ነው። በጋ ላይ የፈሰሰ ዘይት በዚያ ስንጥቅ ይወርዳል፤ ክረምት ሲመጣ አፈሩ ይዘጋበታል። ላዩን ጠርገን ጠጠር ብናለብሰው ምንም አልነካነውም። በሌላ በኩል አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ቀላል የማይባለው ከአቃቂ ጉድጓዶች እንደሚመጣ አንርሳ።

«ሸክላ ስለሆነ ወደ ታች አያልፍም» የሚል ሰው ካለ ኦጎኒላንድን ይመልከት። የናይጄሪያ ኒጀር ዴልታ ውስጥ ያለች፣ ለአሥርት ዓመታት ነዳጅ የፈሰሰባት ምድር ናት። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ጥናት ከባድ ነገር ነው ያገኘው። የከርሰ ምድር ውሃውን ይከላከላል ተብሎ የታመነበት ሸክላ በየቦታው ያልተያያዘ ነበር። በ49 ቦታዎች ዘይቱ 5 ሜትርና ከዚያ በታች ወርዷል። ከሁሉ የከፋው ግን ይህ ነው፤ ነዳጅ አውጪው ኩባንያ ሼል ጽዳታቸው ተጠናቋል ብሎ መዝግቧቸው ከተመረመሩት 15 ቦታዎች 10ሩ አሁንም ከተፈቀደው በላይ የተበከሉ ነበሩ። ኒሲሲዮከን ኦጋሌ በተባለ ቦታ ሰዎች ይጠጡት የነበረው ውሃ ቤንዚን (benzene) የተባለውን ካንሰር አምጪ ኬሚካል ይዟል፤ መኪና ውስጥ የምንቀዳውን ነዳጅ ማለቴ አይደለም፤ መጠኑ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ከ900 ጊዜ በላይ ነበር።

እዚያ የተሠራበት ዘዴ ላይኛውን አፈር እየገለበጡ፣ ማዳበሪያ እየጨመሩ፣ የቀረውን ለተፈጥሮ መተው ነበር። ባክቴሪያው ላይ ላዩን ሠራ፤ ታች ያለው ዘይት ግን እየወረደ ቀጠለ። ወረቀቱ ላይ ግን «ተጠናቋል» ተብሎ ተፈርሟል። ሕዝቡ ውሃውን እየጠጣ ማለት ነው። ይህን ሳነብ የሚያስቆጣኝ ቴክኖሎጂ መጥፋቱ አይደለም፤ ልኬቱ መሬቱ ላይ ላዩን ብቻ መቆሙ ነው።

የፈንገስና የኤሌክትሪኩ መንገድም የራሱ ችግር እንዳለው መናገር አለብኝ። እስካሁን ያለው ውጤት በብዛት የላቦራቶሪ ነው። በአዎንታዊው ዘንግ ዙሪያ አፈሩ አሲዳማ ይሆናል፣ ፈንገሱን ይገድላል፤ ስለዚህ የከረንቱን አቅጣጫ በየጊዜው መገልበጥ ያስፈልጋል። ሙከራዎች ላይ የተለመደው በሴንቲሜትር አንድ ቮልት ገደማ ነው። ዘንጎቹ ሁለት ሜትር ቢራራቁ 200 ቮልት ሆነ ማለት ነው። ልጆች የሚሯሯጡበት ግቢ ላይ ያለ አጥርና ያለ ባለሙያ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ሌላው ጉዳይ ብረታ ብረት ነው። የተቃጠለ ዘይት ዚንክ አለው፣ ሊድም ሊኖረው ይችላል። ፈንገስ ብረት አይበጣጥስም፤ ይልቁንም ወደ ራሱ ይሰበስባል። ስለዚህ ከተበከለ አፈር ላይ የበቀለ እንጉዳይ ለሰውም ለከብትም አይሰጥም፣ ገበያም አይወጣም። ከረንቱ ግን ለብረት ጥሩ ነው፤ በውሃው የሟሟውን ወደ አሉታዊው ዘንግ ስቦ ያከማቸዋል፣ ከዚያ ተሰብስቦ ይወገዳል። ዘይት ብቻ ሳይሆን ብረትም ላለበት የጋራዥ አፈር ሁለቱን ማጣመር የሚሻለው ለዚህም ነው።

ሕግ የለንም እንዳይባል የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። በተግባር ግን ጋራዥ ቦታ ሲለቅ አፈሩን ማን ይለካዋል? አንድ ጋራዥ ያለው ሰው ላይ ዱብ ዕዳ ማውረድ ትክክል አይመስለኝም። የተቃጠለውን ዘይት የሚያስረክብበት ቦታና ተቀባይ ከሌለው መሬት ላይ መድፋቱ አይቀርም። መጀመሪያ መፍሰሱ ይቁም። ዘይት እየፈሰሰበት ያለን ግቢ ምንም ፈንገስ አያድነውም።

ከዚያ አንድ የአፈር፣ አንድ የኤሌክትሪክና አንድ የባዮሎጂ ትምህርት ክፍል ተቀናጅተው አንድ የተዘጋ የጋራዥ ግቢ ይረከቡ። ግቢውን ለአራት ይክፈሉት፤ አንዱ ፈንገስ ብቻ፣ አንዱ ከረንት ብቻ፣ አንዱ ሁለቱም፣ አንዱ ምንም ያልተነካ። በጋም ክረምትም ይለኩ፤ መረሬ በሁለቱ ወቅት አንድ ዓይነት አፈር አይደለም። ናሙናው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከአንድ፣ ከሦስትና ከአምስት ሜትር ጥልቀት ይወሰድ። ውጤቱም ጥሩ ሆነም አልሆነ፣ ቁጥሩ እንዳለ ለሰፈሩ ሰው ይነገር።