የጥብቅ መምህር ውለታ

የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌን የመጀመሪያ ምዕራፍ ለአማካሪዬ ያስረከብኩት እንደምመሰገን እርግጠኛ ሆኜ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመለስልኝ ግን ኅዳጉ በእርሳስ በተጻፉ ጥያቄዎች ተሞልቶ አገኘሁት። ከሁሉም የሚበዛው «ይህን በምን አወቅሽ?» የሚለው ሲሆን፣ በሦስተኛው ገጽ ላይ ደግሞ እጅግ ከምወደው ዐረፍተ ነገር ጎን «ያምራል፤ ግን ምን አለ?» ተብሎ ተጽፏል። በዚያ ምሽት ትምህርቱን ስለ ማቋረጥ አስቤያለሁ። ምዕራፉንም ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ እንደገና ጻፍኩት። ዛሬ እኚህን መምህር በአደባባይ ለማመስገን የተነሣሁት ግን ያን ድካም ስላለፍኩት አይደለም፤ ጥብቅ መምህራንን ስናመሰግን የምናመሰግንበት ምክንያት ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ስለሚመስለኝ ነው።

«እንደዚያ ባያስጨንቁን ኖሮ ለዚህ አንበቃም ነበር» የሚለው ምስጋና የተለመደ ነው። እኔ አልቀበለውም። በዚያው ዘመን ሁላችንም የምንፈራቸው ሌላ መምህር ነበሩ፤ ተማሪን በክፍል ጓደኞቹ ፊት ያሸማቅቃሉ፤ ጽሑፎቻችንን ግን ከውጤቱ በቀር አንዳች ምልክት ሳያኖሩባቸው ይመልሱልናል። ከእርሳቸው የተማርኩት ዝም ማለትን ብቻ ነው። አማካሪዬን በአንጻሩ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቻቸው አላውቅም። ጥብቅነታቸው በንባባቸው ላይ ነበር፤ አንድን ገጽ ሲያነቡ ያልገባኝን እንደገባኝ አስመስዬ ያለፍኩበትን ቦታ ለይተው ያገኙታል፤ ካገኙት በኋላም ራሴ እስካየው ድረስ አይለቁኝም።

አንድ ቀን አስጠርተውኝ በሁለተኛው ምዕራፍ ከጠቀስኳቸው ጥናቶች ወደ አንዱ እያመለከቱ «ይህን ጽሑፍ አንብበሽዋል?» አሉኝ። አላነበብኩትም ነበር፤ ሌላ ጸሐፊ ሲጠቅሰው አይቼ ማጣቀሻውን እንዳለ ገልብጬዋለሁ። እርሳቸው ዋናውን ፈልገው አግኝተውት ኖሮ ገጹን ገልጠው ከፊቴ አኖሩት። የመጀመሪያው ተመራማሪ ግኝቱን ያቀረበው ናሙናው አነስተኛ ስለሆነ በጥንቃቄ እንዲታይ ከሚል ማሳሰቢያ ጋር ነበር፤ የጠቀሰው ጸሐፊ ማሳሰቢያውን ትቶታል፤ እኔ ደግሞ ጭራሽ የተረጋገጠ እውነት አድርጌዋለሁ። አልተቆጡኝም። ሦስቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን እንዳነብ አድርገው ጠበቁኝ። አንድ ግምት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እንዴት እውነት መስሎ እንደሚወጣ ያኔ በዓይኔ አየሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህም ሳላነብ የጠቀስኩት ጽሑፍ የለም።

ይህ የእኔ ብቻ ገጠመኝ አይደለም። የሶሲዮሎጂ ተመራማሪዋ ሃሪየት ዙከርማን የኖቤል ሽልማት ያገኙ አሜሪካውያን ሳይንቲስቶችን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመችው ሥራ፣ ከ92ቱ ተሸላሚዎች 48ቱ በዕድሜ በሚበልጧቸው የኖቤል ተሸላሚዎች ሥር የሠሩ መሆናቸውን አሳይታለች። ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ተሸላሚዎቹ ስለ መምህሮቻቸው የተናገሩት ነው፤ ከእነርሱ ያገኙት ትልቁ ነገር ዕውቀት ሳይሆን የሥራ መለኪያና የአስተሳሰብ መንገድ ነበር። የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪው ሃንስ ክሬብስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1926 እስከ 1930 በርሊን ውስጥ በጥብቅነቱ በሚታወቀውና ኋላ የኖቤል ተሸላሚ በሆነው በኦቶ ዋርቡርግ ቤተ ሙከራ ሠራ፤ ከዚያ ሲወጣም ወደ ሆስፒታል ሥራ ተመለሰ። ይሁንና በ1932 ጉበት በሽንት የሚወጣውን ዩሪያ የተባለ ንጥረ ነገር የሚሠራበትን ዑደት ያገኘው፣ በስሱ በተቆረጠ የአካል ሕብረ ሕዋስ ላይ የጋዝ ለውጥን መለካት የሚያስችለውን፣ ከዋርቡርግ የተማረውን ዘዴ ይዞ ነው። በ1953 እርሱም የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ በኋላም የመምህሩን የሕይወት ታሪክ ጻፈ። ክሬብስ ከዚያ ቤተ ሙከራ ይዞት የወጣው ልኩን ያልጠበቀ ሥራ እንዳያልፍ የሚያደርግ እጅና ዓይን ነበር፤ ቁጣና ፍርሃት ይህን አይሰጡም።

እንዲህ ያለው ማስተማር በአብዛኛው በየትም አይመዘገብም። ዩኒቨርሲቲዎች የመምህራንን የምርምር ጽሑፎች፣ የተገኘውን የገንዘብ ድጋፍና የተመረቁትን ተማሪዎች ይቆጥራሉ፤ በኅዳግ ላይ የተጻፈን ጥያቄ ግን የሚቆጥር የለም። ረቂቁን ገረፍ አድርጎ «ጥሩ ነው፤ ቀጥዪ» ማለት ለመምህሩም ለተማሪዋም ይቀላል፤ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። ስለዚህ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የሌላውን ሰው ደካማ ምዕራፍ የሚያነብ መምህር ለራሱ ስም ከሚያተርፍበት ሥራ ላይ ጊዜውን ቀንሶ እየሰጠ ነው። የተማሪው ቅሬታ ደግሞ በዚያው ላይ ይጨመርበታል፤ እኔም ሳላመሰግን በፊት ብዙ አማርሬያለሁ።

ጽሑፉ ተጠናቆ ሊታተም ሲል በምስጋና ገጹ ላይ «ላልተቋረጠ ድጋፋቸው» ብዬ ጽፌ ነበር። ያም ገጽ እንደ ሌሎቹ ሁሉ በእርሳስ ተሠምሮበት «የትኛው ድጋፍ?» የሚል ጥያቄ ይዞ ተመለሰ። ቀኑ ደርሶብኝ ስለነበር ዐረፍተ ነገሩን ሳላስተካክል አሳተምኩት። የኔታ፣ በሦስተኛው ገጽ ላይ ያለውን ጥያቄ፣ ጎን ለጎን ያስነበቡኝን ሦስት ጽሑፎችና አራት ጊዜ ያነበቡትን ያን ምዕራፍ ማለቴ ነበር።