ለአያ ጨርሶ የተጻፈ ምስጋና

ጎንደር ባለውለታዋ ብዙ ነው። ግንብ ያስገነባ አለ፣ ቅኔ የዘረፈ አለ። የተረሱት ግን አያ ጨርሶ ናቸው። ይህ የክርስትና ስማቸው አይደለም፤ እኛ ልጆቹ ያወጣንላቸው ነው። ፊልም ተጀምሮ 10 ደቂቃ ሳይሞላው እሳቸው ጨርሰውት ቁጭ!

ያኔ ፒያሳ አካባቢ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። መግቢያው 50 ሳንቲም። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ፣ እኛ አግዳሚ ላይ ተጣበን እናያለን። አንድ ቅዳሜ የግድያ ፊልም መጣ። ትልቅ ቤት፣ ዝናብ፣ ሲጢጥ የሚል በር፣ በየተራ የሚሞቱ እንግዶች። ከገዳዩ የሚታየው ጓንት ያጠለቀ እጁ ብቻ ነው። ያ እጅ የበሩን እጀታ ሲይዝ አጠገቤ የነበረው ልጅ ክንዴን ነከሰኝ። አልጮህኩም። ትንፋሽ ከየት መጥቶ?

ይሄኔ ከኋላ የቆሎ ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎም፣ "ዶክተሩ ነው። ገዳዩ ዶክተሩ ነው፤ አትልፉ።"

እስቲ ይህን ደግነት ምን ይተካከለዋል? በገዛ ገንዘባችን ሁለት ሰዓት ሙሉ ልንጨነቅ ነበር እኮ። በአንድ ቃል ገላገሉን። ደግሞ አላስከፈሉንም።

ፈረንጅ ይህ ጥበብ አልገባውም። ሂችኮክ የሚሉት ዳይሬክተር በ1960 እ.ኤ.አ. "ሳይኮ"ን ሲያወጣ፣ ፊልሙ ከተጀመረ ማንም እንዳይገባ በር አስዘጋ። አይተው የወጡትንም "መጨረሻውን ለሰው እንዳትነግሩ" ብሎ ለመነ። ምስኪን! ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ደሙን የሠራው በቸኮሌት ሽሮፕ ነው። አያ ጨርሶ ይህን ቢሰሙ ኖሮ፣ ሻወር ውስጥ የምትገደለዋ ሴትዮ ገና ሳትገባ "ቸኮሌት ነው፣ አትደንግጡ" ይሉን ነበር።

እኔ ስለመሸና እናቴን ስለፈራሁ ፊልሙ ሳያልቅ ወጣሁ። የግንቡን አጥር ታክኬ ወደ ቤት ሮጥኩ። ጎንደር ደግሞ ማታ ለፈሪ አትመችም። ግንቡ ራሱ ባለ ብዙ ግድያ ነው። ታላቁ አፄ ኢያሱ ልጃቸው ዙፋኑን ከያዘ በኋላ በ1699 ዓ.ም. ጣና ደሴት ላይ ተገደሉ። ልጅየውም ብዙ ሳይቆይ በተራው ተገደለ። አያ ጨርሶ በዚያ ዘመን ቢኖሩ ኖሮ ንጉሡ ገና ታንኳ ሳይሳፈሩ ይነገራቸው ነበር።

ትንሽ የጎንዮሽ ጉዳት እንደነበረው አልክድም። ከዚያ ወዲያ ጓንት ያጠለቀ ሐኪም ባየሁ ቁጥር እግሬ አውጪኝ ነው። ሆዴን ቢቆርጠኝ ለእናቴ ትንፍሽ አልልም። ለቤታችን ያተረፉት የመድኃኒት ወጪ ቀላል አይደለም።

ዛሬ ደቀ መዛሙርታቸው ከተማውን ሞልተውታል። ማታ ያመለጠህ ድራማ ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ተጨርሶ ይጠብቅሃል። ኳሱን በድጋሚ ላየው ብለህ ስልክህን ዘግተህ ብትውል፣ የሰፈሩ ዘበኛ ከ"ደህና አመሸህ" በፊት ውጤቱን ያቀብልሃል። ሰው ሳያውቅ እንዳያድር የሚጨነቅ እንዲህ ያለ ሕዝብ የት ይገኛል?

ያን ፊልም በቅርቡ በስልኬ አገኘሁትና እስከ መጨረሻው አየሁት። ዶክተሩ ማንንም አልገደለም። እንዲያውም ሦስተኛው ሟች እሱ ነው።

ለፋሲካ በግ ልገዛ ስወጣ አያ ጨርሶን አገኘኋቸው። ሸብተዋል፤ ቆሎው ግን ዛሬም ከኪሳቸው አልጠፋም።

"አያ፣ ያ የጓንቱ ፊልም ትዝ ይልዎታል? ዶክተሩ እኮ..."

እጃቸውን አፌ ላይ ጫኑት።

"ተው አንተ ልጅ! እንዳትነግረኝ። ያን ለት መብራት ጠፍቶ መጨረሻውን አላየሁትም።"