እርማት፦ ስቴቶስኮፑ የሚያርፍበት ቦታ የቫልቩ ቦታ አይደለም

ወንድሜ፣ ለሐረር የሕክምና ተማሪዎች ያዘጋጀኸው የልብ ምርመራ ማስታወሻ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን ይታረም። «አራቱ የማዳመጫ ቦታዎች ከአራቱ ቫልቮች በላይ ናቸው» ብለሃል። አይደሉም። ብዙ ተማሪም እንዲሁ ሸምድዶት ይቀራል።

ቫልቮቹ፣ ማለትም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉት የልብ በሮች፣ ከደረት አጥንት ጀርባና ከግራ ጠርዙ አጠገብ ተጠጋግተው ነው ያሉት። እኛ የምናዳምጠው ድምፁ ደሙን ተከትሎ ጎልቶ የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው። ጁገል (በግንብ የታጠረው የሐረር ከተማ) ውስጥ የተጣራ ሰው ድምፅ መንገዱን ተከትሎ መታጠፊያው ላይ እንደሚሰማው። የአዎርታን (ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት ትልቁ የደም ቧንቧ) ቫልቭ በቀኝ በኩል፣ በ2ኛውና በ3ኛው ጎድን መካከል እንሰማዋለን። ቫልቩ ራሱ ግን ዝቅ ብሎ ወደ ግራ ነው።

ይህን ያላወቀ ተማሪ አራቱን ቦታ ነካክቶ ይነሳል። የአዎርታ ቫልቭ መጥበብ ድምፅ እኮ አንገት ድረስ ይሄዳል፤ የሚትራል ቫልቭ (በሁለቱ የግራ የልብ ክፍሎች መካከል ያለው) መፍሰስ ደግሞ ወደ ብብት። በሩማቲክ የልብ ሕመም (የጉሮሮ ሕመምን ተከትሎ መጥቶ ቫልቭን የሚጎዳ) ምክንያት አገራችን ውስጥ ብዙ የሚያጋጥመው የሚትራል መጥበብ ግን ተደብቆ ያልፍሃል። በሽተኛውን በግራ ጎኑ አስተኛው። የስቴቶስኮፑን ደወል (ጎድጓዳውን ጎን) የልብ ጫፍ ላይ ቀስ አድርገህ አሳርፍ። ከተጫንከው የመጥበቡ ወፍራም ድምፅ ይጠፋል።

ጎድን ስትቆጥር ደግሞ የጡት ጫፍን አትመን፤ ከሰው ሰው ይለያያል። ደረት አጥንቱ ላይ ካለው ጉብታ ጀምር፣ 2ኛው ጎድን እዚያ ነው የሚገናኘው።