የጆንስተን ጥልቅ ባሕር ከፈቃድ በፊት ይታይ

ከሆኖሉሉ በስተደቡብ ምዕራብ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል የምትገኘው ጆንስተን አቶል (በኮራል የተሠራች ደሴት) ነዋሪ የሌላት የአሜሪካ ይዞታ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ የወፎች መጠበቂያ ተብላ ሳለ፣ በ1962 የኑክሌር ሚሳይል ማስወንጨፊያ ሆነች፤ አንዱ ሚሳይል ከመነሻው ሳይለቅ ፈንድቶ አፈሯን በፕሉቶኒየም በከለው። ቆይቶም እስከ 2000 ድረስ የኬሚካል መሣሪያ ሲቃጠልባት ኖረ። ይህ ሁሉ የደረሰባት ከሰው ዓይን ስለራቀች ነው ብዬ አምናለሁ፤ አሁን የምሰጋው ደግሞ ማዕድን ለማውጣት ሲባል እንዳይጎዳ፣ በዙሪያዋ ላለው ጥልቅ ባሕር ነው።

በ2017 ኦኪያኖስ ኤክስፕሎረር የተባለችው የምርምር መርከብ ወደዚያ ተጉዛ ነበር። ከመርከቧ ሥር የሚለቀቀው የሶናር ድምፅ 4,000 ሜትር ወርዶ እስኪመለስ ከአምስት ሰከንድ በላይ ይፈጃል፤ መርከቧም እንደሚያርስ ገበሬ ፈር ይዛ ስትመላለስ፣ ሳተላይት በግምት ብቻ ያመለከታቸው ተራሮች ቅርጻቸው ጠርቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ካሜራ የተሸከመ ሰርጓጅ መሣሪያ ከ2,000 ሜትር በላይ ወርዶ አንድ ሸንተረር ላይ ሲደርስ፣ በረጃጅም ግንድ ላይ የቆሙ የመስታወት ስፖንጆች (ዓለት ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ የባሕር እንስሳት) ሁሉም ፊታቸውን ወደ ውኃው ሞገድ መልሰው፣ ይዞላቸው የሚመጣውን ምግብ ሲጠባበቁ ታዩ።

ሶናሩ ሸንተረሩን እንጂ ስፖንጆቹን አላሳየም። ክርክሬም እዚህ ላይ ነው፤ ማዕድን አውጪዎች የሚፈልጉት፣ ኮባልትና ማንጋኒዝ የተባሉትን ብረቶች ያዘለው የዓለት ቅርፊት የሚገኘው ስፖንጅና ኮራል በሚጣበቁበት በዚያው ዓይነት ዓለት ላይ ነውና። ቅርፊቱ በሚሊዮን ዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚያድግ በመሆኑ፣ አንዴ ከተፋቀ ለልጅ ልጆቻችን እንኳ አይመለስም።

በሚያዝያ 2025 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የባሕር ወለል ማዕድን ፈቃድ እንዲፋጠን፣ ለዚሁም ካርታ እንዲነሳ አዘዋል። የጆንስተን ዙሪያ እስከ 200 የባሕር ማይል ድረስ ከ2014 ጀምሮ የተጠበቀ ነው፤ ሆኖም በዚያው ወር ከ50 ማይል ወዲያ ያለው ክፍል ለንግድ ዓሣ ማስገር እንዲከፈት መታወጁ፣ በአዋጅ የመጣ ጥበቃ በአዋጅ እንደሚነሳ አሳይቶናል።

ስለዚህ ካሜራ ያልወረደበት የባሕር ሥር ተራራ ላይ ፈቃድ ሊሰጥ አይገባም። ወጪው ከባድ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ወጪውን መሸፈን ያለበት ከማዕድኑ የሚያተርፈው ወገን ነው። የ2017ቱ ጥልቀት ጉዞ በኢንተርኔት በቀጥታ ስለተላለፈ የፈለገ ሁሉ ከተመራማሪዎቹ ጋር እኩል ተመልክቶታል፤ ኩባንያዎች የሚያካሂዱት ቅኝትም ልክ እንደዚያው ለሕዝብ ክፍት ይሁን።