«ሙቀቱ ነው» ማለት ይብቃን

የድሬ ሰዎች፣ ሁሉን በሙቀት ማሳበብ ለምደናል። ራሳችንን ሲያመን ሙቀቱ ነው፤ ሲደክመን ሙቀቱ ነው፤ ከሥራ ገብተን ልጆቻችን ላይ ስንጮህም ሙቀቱ ነው። በቀዶ ሕክምና ክፍል በነርስነት በኖርኩባቸው ዓመታት እኔም እንዲሁ ስል ቆይቻለሁ። አሁን ግን በቀዶ ሕክምና ክፍላችን ስለሚበተነው የማደንዘዣ ጋዝ ዝም ማለት ኃጢአት ሆኖብኛል።

አንድ ቀን፣ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል፣ በሩ ተዘግቶ አየር ማቀዝቀዣው እያጉረመረመ ነበር። የማደንዘዣ ባለሙያው ከቡናማው ጠርሙስ ሃሎቴን የተባለውን ተኖ የሚያደነዝዝ ፈሳሽ ወደ ቬፖራይዘሩ፣ ማለትም ፈሳሹን ወደ ጋዝ ወደሚለውጠው ዕቃ፣ ሲሞላ ጥቂቱ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ክፍሉን ጣፋጭ ሽታ ሞላው። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ሆዷ የገፋ ነፍሰ ጡር፣ በርከክ ብላ በጨርቅ ጠረገችው። «ሽታው ደስ ይላል» አለች። ከመካከላችን «ተነሺ፣ ውጪ» ያላት ሰው አልነበረም። እኔም አላልኳትም።

እስቲ ቁጥሩን ተመልከቱት። አንድ ሚሊ ሊትር ሃሎቴን ሲተን ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ጋዝ ይሆናል። ርዝመቱ 6፣ ወርዱ 5፣ ቁመቱ 3 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ ያን ያህል ሲበተን፣ ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ ከ2 እጅ በላይ ይሆናል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም በ1977 እ.ኤ.አ. ለሃሎቴንና ለመሰሎቹ ጋዞች የመከረው ከፍተኛው መጠን ደግሞ ያው 2 እጅ ነው። ያን ዕለት የፈሰሰው ከማንኪያ የሚበልጥ ነበር። ሽታውም አያስጠነቅቅም፤ የሰው አፍንጫ ሃሎቴንን የሚለየው መጠኑ ከገደቡ ብዙ እጥፍ ካለፈ በኋላ ነው። «አልሸተተኝም» የምትሉ፣ ይህን ልብ በሉ።

እዚህ ላይ የእኛ ከተማ የራሷ ጣጣ አለባት። በግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ማቀዝቀዣ በአብዛኛው ያንኑ የክፍሉን አየር እየሳበ ያበርደዋል እንጂ ከውጭ አዲስ አየር አያስገባም። በረደልን ብለን በሩን ስንዘጋ ጋዙንም አብረን እንዘጋበታለን። አፍና አፍንጫችን ላይ የምናስረው ጭምብል ደግሞ ጋዝ አያግድም።

ጉዳቱ ከራስ ምታት፣ ከማቅለሽለሽና ከሐሳብ መበታተን ይጀምራል። ሃሎቴን ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለው ሌላው የማደንዘዣ ጋዝ በሰውነታችን ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ቢ12 ከሥራ ውጭ ያደርገዋል። በ1967 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት በማደንዘዣ ሐኪሞች ላይ በወጣ ጥናት ከ31 እርግዝናዎች 18ቱ በውርጃ ማብቃታቸው ተጽፏል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ እነዚያም ክፍሎች ጋዙን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቱቦ ያልነበራቸው ናቸው። በሚገባ በሚወጣበት ክፍል አደጋው እጅግ ይቀንሳል። እንግዲያው የእኛ ክፍል ከየትኛው ወገን ነው?

እናንተ የምትመሩ፣ ለግቢ ንጣፍ ገንዘብ ሲገኝ ለአንድ ቱቦና አየር ወደ ውጭ ለሚገፋ ማራገቢያ እንዴት ይታጣል? ነፍሰ ጡሯን ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር ስንት ብር ይጠይቃል? ከጅቡቲና ከባሕር ማዶ ለትውልድ ከተማችሁ ያገለገለ የማደንዘዣ መሣሪያ የምትልኩ ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ የጋዝ ማውጫውን ክፍል ግን ነጥላችሁ አታስቀሩ።

እናንተ የማደንዘዣ ባለሙያዎችም ጋዝ የምትሰጡበት ጭምብል ከሕመምተኛው ፊት ሲነሣ ጋዙን ዝጉ። ቬፖራይዘሩን ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ሳትቸኩሉ ሙሉ። ማገገሚያ ክፍል ያላችሁትም አትዘናጉ፤ የነቃው ሕመምተኛ የተቀበለውን ጋዝ የሚተነፍሰው እናንተ ፊት ላይ ነውና መስኮቱን ክፈቱ።

ነገ ጠዋት የመጀመሪያው ሕመምተኛ ከመግባቱ በፊት፣ ተረኛ የሆነ ሰው ከማደንዘዣ መሣሪያው የሚወጣውን ትርፍ ጋዝ ማስወገጃ ቱቦ በእጁ እየዳሰሰ ይከተለው። ቱቦው ከግድግዳው ውጭ ሳይደርስ እዚያው ክፍል ውስጥ ካበቃ፣ ወይም ጭራሹን ቱቦ ከሌለ፣ ለኃላፊው በጽሑፍ ያመልክት፤ ቅጂውንም በእጁ ያስቀር።